አሥራ ሁለት ሺህ ካርድ በሠላሳ መያዣ፦ የራስን ቨርቹዋላይዝድ ፓነል በደብልዩ ፒ ኤፍ የመገንባት ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ አሸዋ ገበያ ውስጥ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡ አንዲት እናት የሱቃቸውን የጨርቅ ናሙናዎች በፎቶ አደራጅቼ በኮምፒውተር እንዳስቀምጥላቸው ጠይቀውኝ ነበር። ናሙናዎቹ 12,000 ያህል ነበሩ። እያንዳንዱ ናሙና ፎቶ፣ ኮድ፣ ስፋትና ዋጋ ያለበት ካርድ ሆኖ በረድፍ እንዲደረደር አድርጌ ፕሮግራሙን በደብልዩ ፒ ኤፍ፣ የዊንዶውስ መስኮቶችን መሥሪያ በሆነው የማይክሮሶፍት መሣሪያ፣ ሠራሁና ሱቃቸው ድረስ ይዤ ሄድሁ። ዝርዝሩን ስከፍተው መስኮቱ ደርቆ ቀረ። ባለሱቋ ጥቂት ከጠበቁ በኋላ «አቦ ልጄ፣ ይኼን ከመጠበቅ ከመደርደሪያው ሄጄ ባወርደው ይሻለኛል» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። እርሳቸው ደንበኛ በመጣ ቁጥር የሱቁን ጨርቅ ሁሉ አይዘረጉም፤ የተጠየቀውንና ከእሱ አጠገብ ያለውን ብቻ አውርደው ያሳያሉ፣ ቀሪው የት እንዳለ ግን ሳያዩትም ያውቁታል። የእኔ ፕሮግራም በአንጻሩ 12,000ውንም ካርድ በአንድ ጊዜ ዘርግቶ ነበር። አንድ ካርድ በውስጡ አሥር ያህል ንዑስ ክፍሎች ቢኖሩት ስሌቱ 120,000 የሚታይ አካል ይሆናል፤ ማሽኑም ሁሉንም መለካትና ቦታ ማስያዝ አለበት። ቨርቹዋላይዜሽን የሚባለው ዘዴ ባለሱቋ የሚያደርጉትን ማድረግ ነው፦ በዓይን የሚታየውን ብቻ መፍጠር፣ ያልተፈጠረውን ደግሞ ቦታውን በስሌት ማወቅ። በዚህ መመሪያ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምጨነቅበት ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች ሁለተኛው ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ካርዱን ሲፈጥር ሳይሆን ያልተፈጠረውን ካርድ ቦታ ሲያሰላ ነውና።

አስቀድሞ፦ የራስ ፓነል በእርግጥ ያስፈልጋልን?

ደብልዩ ፒ ኤፍ እ.ኤ.አ. በ2006 ከዶትኔት 3.0 ጋር ሲወጣ ጀምሮ «ቨርቹዋላይዚንግ ስታክ ፓነል» የሚባል ፓነል፣ ማለትም አካላትን በመስኮቱ ላይ የሚደረድር ክፍል፣ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 መያዣዎችን፣ ማለትም እያንዳንዱን ዕቃ በመስኮቱ ላይ የሚሸከሙትን አካላት፣ መልሶ የመጠቀም ስልት፣ በ2012 ደግሞ ከዶትኔት 4.5 ጋር በፒክስል የማሸብለል ችሎታና የመጠባበቂያ ርዝመት ተጨመረለት። ዝርዝርዎ አንድ ዓምድ ብቻ ከሆነ የራስዎን ለመሥራት አይድከሙ፤ እሱ ይበቃዎታል።

አንድ ዓምድ ሆኖም ቀርፋፋ ከሆነ ሦስት ነገሮችን ይመርምሩ። ዝርዝሩን የሚያሳየው ሊስት ቦክስ በ«ስታክ ፓነል» ወይም በሌላ «ስክሮል ቪወር» (ማሸብለያውን በሚያቀርበው ክፍል) ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ እንዲህ ሲሆን ወላጁ ወሰን የሌለው ቁመት ስለሚሰጠው ዝርዝሩ ሁሉም ነገር የሚታይ ይመስለውና ሁሉንም ይፈጥራል። «ካን ኮንቴንት ስክሮል» የሚባለው ፕሮፐርቲ ጠፍቶም ሊሆን ይችላል። ወይም ዕቃዎቹ በቡድን ተከፍለው «ኢዝ ቨርቹዋላይዚንግ ዌን ግሩፒንግ» ሳይበራ ቀርቶ ይሆናል። ካየኋቸው ችግሮች ብዙዎቹ የመጀመሪያው ዓይነት ነበሩ።

ካርዶቹ እንደ ጨርቅ ናሙናው በረድፍና በዓምድ የሚደረደሩ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ደብልዩ ፒ ኤፍ ይዞት የሚመጣው «ራፕ ፓነል» ቨርቹዋላይዝ አያደርግም፣ የሚያደርግ አቻም የለውም። እንግዲህ የራሳችንን እንሠራለን።

አንደኛ፦ ስሌቱን ለብቻው መጻፍ

ፓነሉን ከመንካትዎ በፊት ስለ መስኮትም ሆነ ስለ ካርድ ምንም የማያውቅ፣ ቁጥር ተቀብሎ ቁጥር ብቻ የሚመልስ አንድ ትንሽ ክላስ ይጻፉ። ይህ ክላስ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ የአንድ ኢንዴክስ (ዕቃው በዝርዝሩ ያለው ከ0 የሚጀምር ተራ ቁጥር) ቦታ የት ነው? ከዚህ ከፍታ እስከዚያ ከፍታ የሚታዩት ኢንዴክሶችስ የትኞቹ ናቸው? ከፓነሉ ከተለየ መስኮት ሳይከፈት በቴስት ሊፈተን ይችላል፤ በኋላ የሚመጡት ጥፋቶች አብዛኞቹም እዚሁ ይያዛሉ።

በምሳሌ እንየው። የእይታው መስኮት 1,000 ስፋትና 700 ቁመት፣ ካርዱ 180 ስፋትና 240 ቁመት ይኑረው። እነዚህ ልኬቶች ከስክሪኑ ነጥቦች ነጻ የሆኑ አሃዶች ናቸው፤ አንዱ የኢንች 1/96ኛ ነው።

ዓምዶች = 1,000 ÷ 180፣ ወደ ታች ሲጠጋጋ 5
ረድፎች = 12,000 ÷ 5፣ ወደ ላይ ሲጠጋጋ 2,400
ጠቅላላ ቁመት = 2,400 × 240 = 576,000

አሁን ተጠቃሚው 10,000 ያህል ወደ ታች አሸብልሏል እንበል። የመጀመሪያው የሚታይ ረድፍ 10,000 ለ240 ተካፍሎ ወደ ታች ሲጠጋጋ 41 ነው። የመጨረሻው የሚገኘው የመስኮቱን ታችኛ ጠርዝ፣ ማለትም 10,700ን ለ240 አካፍሎ ወደ ላይ በማጠጋጋትና አንድ በመቀነስ ሲሆን፣ እሱም 44 ነው። ወደ ታች ማጠጋጋት እዚህም ያንኑ 44 ይሰጣል፤ ነገር ግን ተጠቃሚው 9,620 ላይ ቢቆም ታችኛው ጠርዝ 10,320 ላይ ያርፋል፣ ይህም በትክክል የ43ኛው ረድፍ መጀመሪያ ነው። ያ ረድፍ ገና አንድ ነጥብ እንኳ አይታይም፤ ወደ ታች የሚያጠጋጋ ስሌት ግን ሳያስፈልግ ይፈጥረዋል።

ከ41 እስከ 44 አራት ረድፍ፣ 20 ካርድ ይሆናል። ከላይና ከታች አንድ አንድ ረድፍ ለመጠባበቂያ ሲጨመር ከ40 እስከ 45፣ ማለትም ከኢንዴክስ 200 እስከ 229 ያሉት 30 ካርዶች ብቻ ይፈጠራሉ። ከ12,000ው ውስጥ በማንኛውም ጊዜ በሕይወት ያሉት እነዚህ ያህል ናቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይኑር። ዊንዶውስ ማሳያውን ወደ 125 ወይም 150 በመቶ ሲያጎላ የሚመጣው ስፋት 900 መሆን ሲገባው ጥቂት ሊጎድል ይችላል፤ ለ180 ሲካፈልም 5 የነበረው ዓምድ 4 ይሆንና አንድ ባዶ ዓምድ በቀኝ በኩል ይቀራል። ከማካፈልዎ በፊት 0.01 ያህል ይጨምሩበት።

ሁለተኛ፦ የፓነሉ አጽም

«ቨርቹዋላይዚንግ ፓነል» የሚባለውን ክላስ የሚወርስና «አይ ስክሮል ኢንፎ» የሚባለውን ኢንተርፌስ የሚተገብር አዲስ ክላስ ይክፈቱ። ከመጀመሪያው የሚገኘው መያዣ የማመንጨት መብት ነው፤ ከሁለተኛው የሚገኘው ደግሞ የማሸብለል ሥልጣን ነው። ኢንተርፌሱ ካልተተገበረ «ስክሮል ቪወር» ራሱ ማሸብለሉን ይይዝና ለፓነልዎ ወሰን የሌለው ቁመት ይሰጠዋል፣ ልፋቱም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ፓነሉን በሊስት ቦክሱ «አይተምስ ፓነል» ውስጥ ያስቀምጡት፣ «ካን ኮንቴንት ስክሮል» መብራቱንም ያረጋግጡ።

ሦስተኛ፦ መለካት፣ ማጽዳትና ማመንጨት

የሥራው ልብ «ሜዠር ኦቨርራይድ» የሚባለው ሜተድ ነው። ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጌ እጽፈዋለሁ፦ የተሰጠውን መጠን መቀበል፣ ጠቅላላውን ቁመት ማስላት፣ የማሸብለያውን ርቀት ከ0 በታችና ከጠቅላላው ቁመት ሲቀነስ የመስኮቱ ቁመት በላይ እንዳይሆን መገደብ፣ የሚታዩትን ኢንዴክሶች መጠየቅ፣ ከክልሉ የወጡትን ማጽዳት፣ የጎደሉትን ማመንጨት። በምሳሌያችን ትልቁ የማሸብለያ ርቀት 575,300 ነው። የተሰጠው ቁመት ወሰን የሌለው ከሆነ እሱኑ መልሶ መስጠት ፕሮግራሙን በስህተት ያስቆመዋል፤ የተወሰነ ቁጥር ይተኩበት።

አንድ የቆየ ጠባይ አለ፦ «ኢንተርናል ችልድረን» የሚባለው የፓነሉ ልጆች፣ ማለትም በውስጡ ያሉ አካላት፣ ስብስብ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይነካ መያዣዎችን የሚያመነጨው «አይተም ኮንቴይነር ጄኔሬተር» ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከምንም በፊት የልጆቹን ስብስብ ለአንድ ተለዋዋጭ ይስጡት። ትርጉም የሌለው መስመር ይመስላል፣ ሌላ ሰው ሲያየውም ሊያጠፋው ይችላል፤ ምክንያቱን በአስተያየት ይጻፉበት።

ማጽዳቱ ከማመንጨቱ ይቅደም እላለሁ። መያዣዎች መልሰው ጥቅም ላይ ሲውሉ የተለቀቁት ወዲያው ለአዲሶቹ ስለሚደርሱ አዲስ መያዣ የመፍጠር ሥራ ይቀንሳል። ሲያጸዱ ከመጨረሻው ልጅ ወደ መጀመሪያው ይሂዱ፤ ከፊት ከጀመሩ አንዱን ባወጡ ቁጥር የቀሩት ቁጥራቸው ስለሚቀያየር ግማሹን ዘልለው ያልፋሉ። ለእያንዳንዱ ልጅ ጄኔሬተሩን ኢንዴክሱን ይጠይቁት፤ ከክልሉ ውጭ ከሆነ መጀመሪያ በጄኔሬተሩ «ሪሳይክል» ወይም «ሪሙቭ» ይጥሩ፣ ቀጥሎም «ሪሙቭ ኢንተርናል ችልድ ሬንጅ» በሚለው ከፓነሉ ያውጡት። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው መሄድ አለባቸው። አንዱ ተፈጽሞ ሌላው ከተዘለለ ጄኔሬተሩና ፓነሉ የሚያውቁት ቁጥር ይለያያል፤ ስህተቱም የሚታየው እዚያው ሳይሆን ቆይቶ በሌላ ቦታ ስለሆነ ፍለጋው እጅግ አድካሚ ነው። የኪቦርዱ ፎከስ ያለበትን ካርድ ግን ከክልሉ ቢወጣም አያጽዱት፤ ካጸዱት ተጠቃሚው የቀስት ቁልፍ ሲጫን ዝርዝሩ የት እንደነበረ ይጠፋበታል።

ወደ ማመንጨቱ ስንመጣ፣ ለመጀመሪያው ኢንዴክስ «ጄኔሬተር ፖዚሽን ፍሮም ኢንዴክስ» ይጥሩ። የሚመልሰው ነገር ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ ሁለተኛው፣ «ኦፍሴት» የሚባለው፣ 0 ከሆነ ያ ካርድ አስቀድሞ ተፈጥሯል ማለት ነውና በልጆቹ መካከል ያለው ቦታ የመጀመሪያው ቁጥር ራሱ ነው። 0 ካልሆነ ካርዱ ገና አልተፈጠረም፤ የሚገባበት ቦታ የመጀመሪያው ቁጥር ሲደመር 1 ነው። ከዚያ «ስታርት አት» ብለው ጄኔሬተሩን ወደ ፊት ይክፈቱት፣ ሲጨርሱም እንዲዘጋ በ«ዩዚንግ» ውስጥ ያድርጉት። በእያንዳንዱ ዙር «ጄኔሬት ኔክስት» አንድ መያዣና አዲስ መሆን አለመሆኑን የሚናገር ምልክት ይሰጥዎታል።

ይህ ምልክት ብዙ ሰው ያሳስታል። መልሶ ጥቅም ላይ የዋለ መያዣ «አዲስ አይደለም» ተብሎ ይመጣል፤ ነገር ግን ከፓነሉ ስለወጣ ልጅ አይደለም። ምልክቱን ብቻ አምነው ከዘለሉት ካርዱ ጨርሶ አይታይም፣ በመካከልም ባዶ ጉድጓዶች ይፈጠራሉ። ስለዚህ ጥያቄው «አዲስ ነው ወይስ ከልጆቹ መካከል የለም?» የሚል ይሁን። ለሁለቱም መልስ አንድ ነው፦ ቦታው መጨረሻ ከሆነ «አድ ኢንተርናል ችልድ»፣ መካከል ከሆነ «ኢንሰርት ኢንተርናል ችልድ»፣ ቀጥሎም «ፕሪፔር አይተም ኮንቴይነር»። ከዚያ መያዣውን በ180 በ240 ይለኩት፣ የልጁንም ቦታ በአንድ ይጨምሩ።

መልሶ መጠቀም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቡና ሲፈላ ጎረቤቱ ሃያ ቢሆን ስኒው ስድስት ሊሆን ይችላል፤ የጠጣ ሲመልስ ታጥቦ ለቀጣዩ ይቀዳበታል። ሳይታጠብ የተቀዳበት ግን የቀድሞውን ሰው አተላ ይዞ ይቀርባል። በመያዣም እንዲሁ ነው። ከዕቃው መረጃ ጋር በባይንዲንግ የተያያዘው ሁሉ በራሱ ይቀየራል፤ በኮድ በቀጥታ የሰጡት ቀለም፣ የተከፈተ ማብራሪያ፣ በግማሽ የቆመ አኒሜሽን ግን በመያዣው ላይ ይቀርና በሌላ ጨርቅ ካርድ ላይ ይታያል። እኔ የተመረጠውን ካርድ ጠርዝ በኮድ አረንጓዴ አድርጌው ነበር፤ ዝርዝሩ ጥቂት ሲሸበለል ማንም ያልነካቸው ናሙናዎች አረንጓዴ ጠርዝ ይዘው ብቅ አሉ። መፍትሔው ሁኔታውን ሁሉ በዕቃው መረጃ ውስጥ ማኖር ነው።

አራተኛ፦ ማስቀመጥ

«አሬንጅ ኦቨርራይድ» አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ኢንዴክሱን ከጄኔሬተሩ ይጠይቁ፣ ቦታውንም ከስሌቱ ክላስ ይውሰዱ። ኢንዴክስ 205 ለ5 ሲካፈል 41ኛው ረድፍ፣ 0ኛው ዓምድ ነው፤ ጫፉ 9,840 ላይ ሲሆን 10,000 ሲቀነስበት −160 ይሆናል። ካርዱ ከመስኮቱ በላይ 160 ተደብቆ የታችኛው 80 ብቻ ይታያል። ልጆቹን በቅደም ተከተላቸው ቆጥረው አያስቀምጡ፤ ፎከስ ይዞ የቀረው ካርድ በመካከላቸው ሊኖር ይችላል።

አምስተኛ፦ ከማሸብለያው ጋር መነጋገር

የ«አይ ስክሮል ኢንፎ» አባላት ብዙ ቢሆኑም አብዛኞቹ አንድ መስመር ናቸው፦ በመስመር፣ በገጽና በማውስ መንኮራኩር መሸብለል ሁሉም በመጨረሻ «ሴት ቨርቲካል ኦፍሴት»ን በተለያየ መጠን ይጠራሉ። እሱም ቁጥሩን ገድቦ ይይዝና «ኢንቫሊዴት ሜዠር»ን ጠርቶ ፓነሉ እንደገና እንዲለካ ያደርጋል። ለማሸብለያው ለውጡን የሚነግረው «ኢንቫሊዴት ስክሮል ኢንፎ» ግን የሚጠራው ከቁጥሮቹ አንዱ በእርግጥ ሲቀየር ብቻ ነው፤ በየልኬቱ ከተጠራ ፓነሉና ማሸብለያው እየተቀሰቃቀሱ ልኬቱ ማለቂያ ያጣል።

ከዚሁ ጋር የሚመጣ ሌላ ዙር አለ። የጎኑ ማሸብለያ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲታይ ከተደረገ፣ ብቅ ሲል ስፋቱን ይቀንሳል፣ ስፋቱ ሲቀንስ ዓምድ ይቀንሳል፣ ረድፍ ይጨምራል፤ በጠርዝ ላይ ባለ መጠን ይህ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ማሸብለያው ሁልጊዜ እንዲታይ ማድረግ ከሁሉ ቀላሉ መፍትሔ ነው።

ሁለት ሜተዶች ግን ጊዜ ይፈልጋሉ። «ሜክ ቪዚብል» የተፈጠረን ካርድ ወደ እይታ ያመጣል፤ «ብሪንግ ኢንዴክስ ኢንቱ ቪው» ደግሞ ገና ያልተፈጠረውን። ሁለተኛው በስሌቱ ክላስ ላይ ሙሉ በሙሉ ይመካል፦ ባለሱቋ በኮድ ሲፈልጉ ኢንዴክስ 8,312 ቢገኝ፣ ያ ካርድ ስለሌለ ሊጠየቅ አይችልም፤ ረድፉ 1,662፣ ጫፉም 398,880 መሆኑን ግን ስሌቱ ያውቃል።

ስድስተኛ፦ ዕቃ ሲጨመር፣ ሲወጣና መስኮቱ ሲለወጥ

«ኦን አይተምስ ቼንጅድ» ውስጥ ዕቃ ሲወጣ ወይም ሲተካ መያዣውን ከፓነሉ ማውጣት የእርስዎ ኃላፊነት ነው፤ የተቀበሉት መልእክት ቦታውንና ብዛቱን ይነግርዎታል። ዕቃው ቦታ ሲቀይር ግን የሚያወጡት ከአሮጌው ቦታ ነው።

መስኮቱ ሲጠብ የሚሆነውን ተጠቃሚው ከማንኛውም ነገር ቀድሞ ያስተውለዋል። ስፋቱ ከ1,000 ወደ 800 ሲወርድ ዓምዱ 4 ይሆናል። የማሸብለያው ርቀት 10,000 ላይ ቢቀር ላይኛው ረድፍ 41 እንደሆነ ይቆያል፤ እሱ ግን አሁን ከኢንዴክስ 164 ይጀምራል። ተጠቃሚው 205ን እያየ ሳለ 41 ካርድ ወደ ኋላ ተወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ ስፋቱ ከመቀየሩ በፊት የላይኛውን ካርድ ኢንዴክስና ምን ያህሉ እንደተደበቀ ይያዙ፦ 205 እና 160። በአዲሱ ስሌት 205 በ51ኛው ረድፍ፣ 12,240 ላይ ነው፤ 160 ሲጨመር አዲሱ ርቀት 12,400 ይሆናል። ይህን የተያዘ ነጥብ መልህቅ እለዋለሁ። ከላይ ዕቃ ሲጨመርም ሆነ ሲወጣ ይኸው መልህቅ ያገለግላል።

ሰባተኛ፦ ቁመታቸው የተለያየ ካርዶች

ማብራሪያቸው አንዱ አጭር ሌላው ረዥም ከሆነ ማካፈል ብቻውን አይበቃም። ላልተለካ ረድፍ ግምት፣ ለምሳሌ 240፣ ይሰጡትና ሲለካ ያርሙታል። የረድፎቹን ቁመት በየጊዜው ከመጀመሪያው መደመር ግን 2,400 ረድፍ ላይ እየከበደ ስለሚሄድ የከፊል ድምሮችን የሚይዝ «ፌንዊክ ትሪ» እመክራለሁ፤ አንድን ቁመት ማረምም ሆነ ለአንድ ከፍታ ረድፉን ማግኘት በ12 ያህል እርምጃ ያልቃል። አንድ ረድፍ 240 ተገምቶ 290 ሆኖ ከተገኘና ከመልህቁ በላይ ከሆነ፣ 50ውን በማሸብለያው ርቀት ላይም ይጨምሩ፤ አለበለዚያ ተጠቃሚው ወደ ላይ ሲያሸብልል ካርዶቹ ከእጁ ሥር ይዘላሉ። ተጠቃሚው ማሸብለያውን በማውስ ይዞ እየጎተተ ሳለ ግን ጠቅላላውን ቁመት ባይለውጡ እመርጣለሁ፤ እጁን ሲለቅ ይታረማል።

ስምንተኛ፦ ፎቶዎቹ

ፓነሉ ተስተካክሎ ማኅደረ ትውስታው አሁንም ካበጠ ጥፋቱ የፎቶው ነው። 4,000 በ3,000 ነጥብ ያለው የስልክ ፎቶ ሲፈታ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ስለሚይዝ 48 ሚሊዮን ባይት ይሆናል፤ ሠላሳ ካርድ ብቻ ከአንድ ቢሊዮን ባይት ያልፋል። በ«ቢትማፕ ኢሜጅ» ላይ «ዲኮድ ፒክስል ዊድዝ»ን 180 ሲያደርጉት ያው ፎቶ 97,200 ባይት ይሆናል፤ ማሳያው ለተጎላበት ማሽን 270 ይስጡት። ፎቶውን በሌላ ትሬድ ላይ ያንብቡት፣ ወደ ካርዱ ከመላክዎ በፊት «ፍሪዝ» ያድርጉት (ከዚያ በኋላ እንዳይለወጥ ይቆልፉት)፣ መያዣው ለሌላ ዕቃ ሲሰጥም የቀድሞውን ንባብ ይሰርዙ፤ ካልሰረዙ ዘግይቶ የደረሰ ፎቶ በሌላ ጨርቅ ዋጋ ላይ ይለጠፋል። ለነጋዴ ይህ ከመዘግየት የከፋ ጥፋት ነው።

መፈተን

በመስኮቱ ጥግ የፓነሉን ልጆች ቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ ያኑሩ። መጀመሪያም፣ መካከልም፣ መጨረሻም ላይ ቁጥሩ 30 አካባቢ መሆን አለበት፤ ጫፎቹ ላይ መጠባበቂያው በአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ ያንሳል። እያሸበለሉ ቀስ እያለ ከጨመረ ማጽዳቱ አንዱን እየዘለለ ነው። ማሽንዎ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚያድስ ማሳያ ካለው ለአንዱ ምስል ያለዎት ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው።

ፈተናውንም ከዚራ ባለው የቢሮዬ አዲስ ማሽን ላይ በማለዳ አልጨርሰውም። የድሬዳዋ ሙቀት ከሰዓት በኋላ ሲበረታ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ሱቅ ውስጥ ያለ አሮጌ ኮምፒውተር እንዳይግል የራሱን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጠዋት የማይታይ መንቀጥቀጥም በዚያን ሰዓት ይታያል። ስለዚህ ሁለተኛውን ፕሮግራም ይዤ አሸዋ የሄድሁት በስምንት ሰዓት ነበር። ባለሱቋ ማሸብለያውን ይዘው እስከ ታች ጎተቱት፣ መልሰው ወደ ላይ ወሰዱት፣ መስኮቱን አጠበቡት፤ በጥጉ ያለው ቁጥር 30፣ ከዚያ 24 አለ። ቀጥሎ የጠየቁኝ ስለ ፍጥነቱ አልነበረም፤ «ሜትር የቀረውንስ አብሮ አያሳየኝም?» የሚል ነበር።